ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የሚከፈል ግብር፤ የመሬትና የቤት ግብር ታሪካችን ምን ያስተምረናል?



እድራችን የሚሠራውን ሥራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ መቃብር ይቆፈራል፤ ለሐዘንተኛውም ቤተሰብ በመተዳደሪያ ደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው እድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት፣ ሌሊት ቤቱ የተያያዘበት ጎረቤት፣ እባብ የነደፈው እረኛ፣ በመኪና የተገጨ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ ከመሞታቸው በፊት የሚደርስላቸው ሌላ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ይኸውም የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ ነው።

መኪና ደግሞ እንዲሁ አይቆምም። ነዳጅ ይፈልጋል፤ ጎማ ይፈልጋል፤ ሌትና ቀን ተራ የሚገባ ሾፌር ይፈልጋል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ይፈልጋል። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በብዙ አገር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ «ከቤትና ከቦታ ግብር ነው» የሚል ነው። በኛም አገር በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ የቤት ግብር ወሬ በየቤቱ ገብቷል። አንዱ «ሊጨምሩብን ነው» ይላል፤ ሌላው «ምን ይሠሩበታል?» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አገራችን ከዚህ ቀደም ለአንድ ለታወቀ አገልግሎት ብላ ግብር ጥላ ታውቅ እንደሆነ፣ የከተማ ቤት ግብርም እስከ ዛሬ ምን ዓይነት መንገድ እንደ ተጓዘ ባጭሩ አቀርባለሁ። ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሰው የሚከፍለው ግብር ምን እንደ ገዛለት ሲያይና ሒሳቡን ማን እንደ ያዘው ሲያውቅ ይጸናል፤ ያ ከሌለ ግን ግብሩ ስም ብቻ ይሆናል።

፩. የአገራችን አቀማመጥ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1300 ሜትር ገደማ ነው። ከኛ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በካርታ ላይ ሲታይ እሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መንገዱን የሄደበት ሰው ያውቀዋል፤ አርማንያን አልፎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ይደርሳል፤ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከቆላ ሙቀት ወጥቶ በጭጋግና በብርድ ውስጥ ማለፍ ነው። ደም የሚፈሳት ወላድ ለከባድ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተልካ ስትሄድ ይህን ሁሉ መንገድ የምትወጣው በአንድ መኪና ላይ ተኝታ ነው። መኪናው በሰዓቱ ካልተገኘ ወይም ዳገቱ ላይ ከቆመ ቀጥሎ የሚነፋው የኛው ጡሩምባ ነው።

እሳትም እንዲሁ ነው። የቆላ ቤት ዱሮ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ የክዳኑ ነገር ተሻሽሏል፤ ግድግዳው ግን አሁንም በአብዛኛው እንጨት ነው። ቤቶቹም ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። በበጋ ነፋስ ሲነሣ የከሰል ምድጃ ወይም የተላጠ የመብራት ሽቦ ያስነሣው እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመዝለል ጊዜ አይፈጅበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ያለ አገር ሳይሆን አይቀርም።

የምድሩም ነገር አለ። ይፋት የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በአገራችን ከተመዘገቡት ታላላቆቹ አንዱ ነው። የማጀቴ ከተማ ሙሉ በሙሉ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወድቋል፤ ዋናው አውራ ጎዳናም በናዳና በስንጥቅ ተጎድቷል። ይህን ያስታወስኩት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል ለማሳየት ነው። መንገድ ሲዘጋ ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚላክ እርዳታ ቶሎ አይደርስም፤ በቅድሚያ የሚረዳን በእጃችን ያለው ነው።

፪. የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎት አጀማመር

በአገራችን የእሳት አደጋ መከላከያ ሥራ በመሥሪያ ቤት ደረጃ የተጀመረው በአዲስ አበባ በ1926 ዓ.ም. ነው። ይህ እንግዲህ ከጣሊያን ወረራ በፊት መሆኑ ነው። ዋና ከተማይቱ ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎቿን እያበዛች መጥታለች፤ ነዋሪዋም ዛሬ እሳት ሲነሣ 939 ብሎ ይደውላል። በአውራ ጎዳና ዳር የበቀሉት ትንንሽ ከተሞች ግን እሳት ሲነሣ የሚተማመኑት በኡኡታ፣ በጎረቤት ባልዲ፣ በአፈርና በቅጠል ነበር።

አምቡላንስ ደግሞ በአገራችን ስሙ የገነነው ከቀይ መስቀል ጋር ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ጦርነቱ እንደ ተጀመረ የአገር ውስጥና የውጭ አገር የቀይ መስቀል ቡድኖች ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ተሰማሩ። ደሴ ላይ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታልም አልተማረም። ያን ጊዜ አምቡላንስ ማለት የጦር ሜዳ ነገር፣ በበጎ አድራጎት የሚመጣ ነገር ነበር። ግብር ከፍሎ «የኔ ነው» የሚለው ባለቤት አልነበረውም።

በገጠሩ በኩል አምቡላንሱ ቃሬዛ ነበር። አራት ወጣት ሲደክመው ሌላ አራት ወጣት እየተቀበለው፣ በሽተኛው ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከመንደር ወደ አውራ ጎዳና ይወሰዳል። ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ የሠሩት የመንደር ማኅበሮችና ጎረቤቶች ናቸው። ዛሬም መኪና በማይገባበት ቦታ ሁሉ ይሠራሉ። እንግዲህ «ሕዝቡ ለአምቡላንስ አስተዋጽኦ አያውቅም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሕዝቡ በትከሻው ከፍሏል።

፫. ስም ያለው ግብር፤ የትምህርትና የጤና ግብር

«ለአንድ ለታወቀ ሥራ ብቻ የሚውል ግብር» ሲባል አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። አዲስ ግን አይደለም። አባቶቻችን ከፍለውታል።

ከነጻነት በኋላ በወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሠረት መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይመደብ ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ በተለካ አንድ ጋሻ መሬት ላይ የተጣለው የመሬት ግብር ለለሙ 15 ብር፣ ለለም ጠፉ 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር ነበር፤ የአሥራቱ ክፍያ ከዚህ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. የትምህርት ግብር ታወጀ። ይህም የተጣለው በመሬት ላይ ሆኖ የሚውለው በየጠቅላይ ግዛቱ ለሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። ወጪውንም የሚቆጣጠሩ የትምህርት ቦርዶች በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲቋቋሙ ተደረገ። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጤና ግብር ተጨመረ፤ እሱም በመሬት ላይ ነበር። ስለዚህ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የነበረ ባለ መሬት ግብሩን ሲከፍል ከመሬቱ ግብር ጋር ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ተብሎ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

አሳቡ መልካም ነበር። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ ከአገሬው መሬት የተሰበሰበው ለአገሬው ልጅ ትምህርት እንዲውል ነው የታሰበው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለት ችግሮች ታዩበት።

አንደኛው፣ ግብሩን በወረቀት የሚከፍለውና በእውነት የሚከፍለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ግብሩ የተጻፈው በባለ መሬቱ ስም ነው፤ ሸክሙ ግን በብዙ ቦታ ወደ ጭሰኛው ተዛወረ። ትምህርት ቤቱም ሐኪም ቤቱም በአብዛኛው የሚሠራው በከተማ ስለ ነበር ጭሰኛው ልጁ ላልገባበት ትምህርት ቤት ይከፍል ነበር።

ሁለተኛው የምደባው ነገር ነው። መሬቱ ለም ነው፣ ለም ጠፍ ነው፣ ጠፍ ነው የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? መሬቱ ሳይለካ፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ በትውውቅና በእጅ መንሻ የተመደበ መሬት ብዙ ነበር። ሰው ግብር ከመክፈል ይልቅ የሚጠላው ባልታየና ባልተለካ ነገር መመደብን ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የገማቾቹን አካሄድና «መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነካ ነው» የሚለውን ስጋት በመጥላት ነበር። መንግሥትም በኃይል ሊያስገድድ ከሞከረ በኋላ በመጨረሻ ወደ ኋላ ለማለት ተገዷል።

የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ የዱሮዎቹ ግብሮች ቀርተው በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተኩ። የትምህርትና የጤና ግብርም በዚያው ታሪክ ሆነው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው የሚከፍለው ግብር ለምን ሥራ እንደሚውል በስሙ የሚነግረው ደረሰኝ አላየም።

፬. የከተማ ቤት ግብር ጉዞ

አሁን ወደ ከተማ እንመለስ። የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው። በዚህ አዋጅ ከተሞች ማዘጋጃ ቤት እንዲኖራቸው፣ በቦታና በቤት ላይ ግብር እንዲያስከፍሉ፣ የፈቃድና የአገልግሎት ክፍያ እንዲሰበስቡ ተፈቀደ። የአሳቡ መሠረት ግልጽ ነበር። ቤት ያለው ሰው ከመንገዱ፣ ከውሃው፣ ከጥበቃው ይጠቀማልና ያዋጣ ነው ነገሩ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ሲታወጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት፤ የተረፈው ተወረሰ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ቀበሌውም ከሚሰበስበው ኪራይ የሰፈር ሥራ እንዲሠራ ታሰበ። በዚያን ጊዜ ብዙ እድሮች ከቀብር ውጭ የነበራቸው ልማት ነክ ሥራ በቀበሌው ተወስዶ ወደ ድንኳንና ወደ አግዳሚ ብቻ መመለሳቸውን ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ።

በዓመቱ በ1968 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ። ቤቱ በዓመት ሊያወጣ የሚችለው ኪራይ ይገመትና ከ1 በመቶ እስከ 4.5 በመቶ የሚደርስ ግብር ይጣልበታል። ዛሬ በተለምዶ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» የምንለው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ሰው ቃሉን ሲሰማ ግድግዳው በሜትር የሚለካ ይመስለዋል፤ መሠረቱ ግን የኪራይ ግምት ነው።

የዚህ ግብር ዋናው ችግር ግምቱ ባለበት መቅረቱ ነው። ጤፍና በርበሬ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ስንት እጥፍ ሲጨምሩ የቤቱ ግምት ከቆየበት አልተነሣም። በአዲስ አበባ ራሷ የኪራይ ግምቱ የተከለሰው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ሊጠጋ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግብሩ እየኮሰመነ ሄደ። ከፋዩም «ይቺን ብር ጥዬ ልምጣ» ይላል እንጂ ግብሩ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም፤ ተቀባዩም «በዚች ብር ምን እሠራባታለሁ» ይላል። በሁለቱ መካከል የእሳት አደጋ መኪና የሚባል ነገር ተረሳ። ከዚያ በድንገት ግምቱ ሲከለስ ሰው ደነገጠ። ሃምሳ ዓመት ዝም ብሎ በአንድ ቀን መንቃት ከፋዩንም አስከፋዩንም አያስማማም። በየጥቂት ዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢስተካከል ኖሮ ድንጋጤው ባልመጣ ነበር።

፭. ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉ?

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን በ1666 እ.ኤ.አ. አብዛኛው ክፍሏ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የእሳት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ እነሱም የየራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጠሩ፤ ኢንሹራንስ በገባው ሰው ቤት ግድግዳ ላይም ምልክት ያለበት ብረት ይለጠፍ ነበር። የኩባንያዎቹ ዓላማ የራሳቸውን ኪሳራ መቀነስ ስለ ነበር ኢንሹራንስ የሌለው ድኻ ሰፈር ዋና ጉዳያቸው አልነበረም።

በ1861 እ.ኤ.አ. በወንዙ ዳር ባለው በቱሊ መንገድ መጋዘኖች ላይ ታላቅ እሳት ተነሣ፤ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ጀምስ ብሬይድዉድ እዚያው ሞተ። ኩባንያዎቹም «ከእንግዲህ ይህን ሸክም ብቻችንን አንችለውም» አሉ። በ1865 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቶ ሥራው ወደ ሕዝብ አስተዳደር ተዛወረ። ወጪው በሦስት ተከፈለ። ኩባንያዎቹ ኢንሹራንስ ከሚሰጡት የንብረት ዋጋ ልክ፣ መንግሥት በዓመት 10,000 ፓውንድ፣ የቀረውን ደግሞ የከተማው ነዋሪ ቤቱ ከተገመተበት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ግማሽ ፔኒ እንዲያዋጣ ሆነ። ግማሽ ፔኒ ማለት እንደኛው ሳንቲም ነው። ከዚያ ወዲያ እሳት አጥፊው ምልክት አይቶ አልሄደም፤ ጭስ አይቶ ሄደ።

በአሜሪካን አገር በዋሽንግተን ግዛት በኪንግ ካውንቲ ደግሞ ለአምቡላንስና ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ የሚውል የንብረት ግብር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የግዛቱ ሕግ ጣሪያውን ወስኖታል፤ ንብረቱ ከተገመተበት በእያንዳንዱ 1000 ዶላር ላይ ከ50 ሳንቲም ሊበልጥ አይችልም። ከሁሉ የሚገርመው ግብሩ ለዘለዓለም አለመሆኑ ነው። ለተወሰነ ዓመት ይጸድቃል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። አምቡላንሱ ካልመጣ ሕዝቡ «አይሆንም» ሊል ይችላል ማለት ነው። ይህ ከኛ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ጋር ምን ልዩነት አለው? ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ፊት ቆሞ ሒሳብ የሚያቀርበው በዚሁ ምክንያት አይደለም እንዴ?

፮. የቅርቡ ዘመን

በኛ አገር አምቡላንስ ወደ ወረዳ በስፋት የገባው በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ1000 በላይ አምቡላንሶች ገዝቶ ለየወረዳው አከፋፈለ፤ ዋናው ዓላማ ወላዶችን ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነበር። ከቃሬዛ ለሚመጣ ሕዝብ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። መኪናውን መስጠት ግን አንድ ነገር ነው፤ ማንቀሳቀስ ሌላ ነገር ነው። ነዳጁ፣ ጥገናውና የሾፌሩ ደመወዝ በወረዳው በጀት ላይ ወደቀ። በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚቆመው ጎማ የጨረሰው መኪና ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ መንገድ ታየ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስ የሚባለውን የግል ድርጅት በ2000 ዓ.ም. አቋቋሙ። የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም የግል አምቡላንስ በተጠቃሚው ክፍያ የሚኖር ነው፤ ብዙ ሕዝብና ብዙ ድርጅት ባለበት በዋና ከተማ ይቆማል፤ በቆላ ወረዳ ግን አንዲት ማሾና ማሽላ ሸጣ የምታድር ሴት በምጥ ሰዓት የኪሎ ሜትር ሒሳብ ልትከፍል አትችልም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ ብዙ ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በዚያ ጦርነት በአማራም በትግራይም ብዙ ጤና ተቋማትና አምቡላንሶች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ጦር ያነሣውን እሳት አንድ የእሳት አደጋ መኪና ያጠፋዋል አልልም። ነገር ግን ቀድሞውንም የሳሳው ነገር ሲጠፋ ባዶው ምን ያህል እንደሆነ በዓይናችን ታይቷል።

፯. እንግዲህ ምን እንበል?

የንብረት ታክስ አዋጁ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ እንዲሠሩበት መንገድ ከፍቷል። ግብሩ የንብረቱን የገበያ ዋጋ መሠረት ስለሚያደርግ እንደ 1968ቱ ግምት ባለበት ተኝቶ የሚቀር አይሆንም። ስለዚህ ስለ መጠኑ ብቻ ከምንነጋገር ስለ አጠቃቀሙም ብንነጋገር ይሻላል። ከላይ ከተጻፈው ታሪክ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይቻላል።

1ኛ. ስሙ ይጻፍ። ከሚሰበሰበው ውስጥ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የሚውለው ክፍል ስንት እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይታይ። የትምህርትና የጤና ግብር መልካም ጎኑ ይህ ነበር፤ ከፋዩ የሚከፍለውን በስሙ ያውቀዋል።

2ኛ. ሒሳቡ በአገሬው ፊት ይነበብ። በዱሮው ጊዜ የትምህርት ቦርዶች ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ እድሮች አሉ። ከየእድሩ አንድ አንድ ታማኝ ሰው ተመርጦ መኪናው በዓመት ስንት ቀን እንደ ሠራ፣ ስንት ቀን እንደ ቆመ፣ ነዳጁ ስንት እንደ ፈጀ ቢሰማ ምን ጉዳት አለው? እኛ ስንት ሰሃን እንደ ጎደለ ቆጥረን የምናውቅ ሰዎች ነን።

3ኛ. ምደባው በግልጽ ይሁን። ገማቹ ቤቱን አይቶ፣ ባለቤቱ በተገኘበት ይገምት፤ ቅሬታ ሰሚም ይኑር። የጎጃሙ ነገር የሚያስተምረው ይህን ነው።

4ኛ. ሸክሙ በተከራዩና በድኻው ላይ እንዳይወድቅ ይታሰብበት። እዚህ ላይ የእድርን መዋጮና የንብረትን ግብር ማነጻጸር ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል 2000 ቤተሰብ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 480,000 ብር ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መዋጮ ባለ አንድ ክፍሏ መበለትና ባለ ፎቁ ነጋዴ እኩል ይከፍላሉ። በቀብር ነገር እኩልነቱ ያስከብራል፤ ሁሉም የሚያገኘው እኩል ድንኳን ነውና። በእሳት ነገር ግን ብዙ ንብረት ያለው ብዙ ይድንለታል፤ ስለዚህ እንደ ቤቱ መጠን ቢከፍል ፍርድ ነው። ንብረትን መሠረት ያደረገ ግብር ከመዋጮ የሚሻለው በዚህ ነው። ነገር ግን የቤቱ ጌታ ግብሩን በኪራይ ላይ ጨምሮ ወደ ተከራዩ ካዛወረው የዱሮው የጭሰኛ ታሪክ በከተማ ተደገመ ማለት ነው።

አንዳንድ አባላት «ታዲያ ለምን እድራችን ራሱ አምቡላንስ አይገዛም?» ሊሉ ይችላሉ። አሳቡ ቅን ነው። መኪና መግዣ በአንድ ጊዜ መዋጮ ሊገኝ ይችላል፤ ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣው ወጪ ነው። ደግሞም አምቡላንስ የእድር አባል የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የለበትም። በመንገድ ላይ የወደቀ መንገደኛ መዝገባችን ላይ የለም። በለንደን እንዳየነው አባልነትን ቆጥሮ የሚሠራ እሳት አጥፊ በመጨረሻ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ የእድር ድርሻ መኪናውን መተካት ሳይሆን መጠበቅ ነው። ጥያቄውን ማቅረብ፣ ሒሳቡን ማዳመጥ፣ በየሰፈሩ ባልዲና አሸዋ ማዘጋጀት፣ መኪና የሚገባበት መንገድ በአጥርና በድንጋይ እንዳይዘጋ መከላከል፣ ወጣቶቹ ደም የሚፈሰውን ሰው እንዴት እንደሚይዙ ከጤና ባለሙያ እንዲማሩ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ከእድር አቅም በላይ አይደለም።

ውድ አባላት፤ አባቶቻችን ግብር ከፍለው ትምህርት ቤቱ የት እንደ ተሠራ ሳያዩ ያለፉ ብዙ ናቸው። እኛ ደግሞ የጣሪያና ግድግዳ ስንከፍል ምን እንደ ተገዛበት ሳንጠይቅ ኖረናል። አዲሱ ግብር ሲመጣ ደረሰኙን ስንቀበል አንድ ነገር ብቻ ብንጠይቅ ይበቃል፤ «ሌሊት በስምንት ሰዓት ብደውል ማን ይመጣል?» መልሱ የታወቀ ሲሆን ክፍያው አይከብድም። መልሱ ካልታወቀ ግን የሚመጣልን ያው የምናውቀው የእድራችን ድንኳን ነው። ድንኳኑ ይኑር፤ ነገር ግን ከመተከሉ በፊት ሌላ የሚደርስልን ይኑር።

ቸር ዘመን ያሰማን።